ግልጽ ደብዳቤ፦ የሲኤምኤል ምርመራ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ይጀመር

ለድሬዳዋ አስተዳደርና ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮዎች፣ በምሥራቁ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች የጤናና የሕይወት ሳይንስ መምህራን፣ እንዲሁም ነገሩ ለሚያሳስበው የከተማችን ሰው ሁሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ድሬዳዋ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ የምጠይቀውን ልናገር። ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ድሬም ሐረርም አለ፤ አክታ እየመረመርን የሳንባ ነቀርሳ የምንፈልግበት ነው። በዚያው ማሽን፣ ሌላ ካርትሪጅ (ናሙናው የሚጨመርበት ትንሽ ዕቃ) አስገብቶ፣ ሲኤምኤል የሚባለውን የደም ካንሰር መለየትም ሕክምናው እየሠራ መሆን አለመሆኑን መከታተልም ይቻላል። ይሄ ምርመራ እዚሁ ይጀመር። ከዚሁ ጋር በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚማሩ ልጆች የደም ካንሰርን የሚያመጡትን ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን እያዩ፣ ማን ከማን ጋር ተያይዞ ሴሉን እንዳሳበደው እየተከታተሉ ይማሩ። ሁለት ጥያቄ ይመስላል፣ ለኔ ግን አንድ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ረዘም አድርጌ ስለምጽፍ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

መጀመሪያ እኛው ከተማ ያለውን እናንሳ። ድሬ ላይ ሰው ሲያተኩሰው ወባ ነው ይባላል። ወባ ካልሆነ ደንጊ። ደንጊ ካልሆነ ቺኩንጉንያ ወይም ታይፎይድ። መጠርጠሩ ትክክል ነው፣ ማንም አይወቀስበትም። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ደንጊ ከተማችን ገብቶ ስንቱን አልጋ ላይ እንደጣለ እናስታውሳለን። በ2019 ቺኩንጉንያ መጣ፣ መገጣጠሚያውን ያላመመው ሰው ያለበት ቤት ማግኘት እስኪቸግር ድረስ። በ2022 ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ከእስያ የመጣ ትንኝ፣ ረግረግ ሳያስፈልገው በየግቢው በርሜልና ታንከር ውስጥ እየተራባ፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት ወባ አስነሳብን።

እንዲህ ባለ ከተማ የደም ካንሰር መደበቂያ አያጣም። ትኩሳት አለው፣ ላብ አለው፣ ድካምና ክሳት አለው። ሉኪሚያ ከምንለው የደም ካንሰር አጣዳፊው ዓይነት ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ያወርዳል፣ ደንጊም ያወርዳል። ሲኤምኤል ጣፊያ ያሳብጣል፣ ወባም ያሳብጣል። ታዲያ ሐኪሙ ምን ያድርግ? የሚያውቀውንና በየቀኑ የሚያየውን ያክማል።

አንድ የሰፈሬ ልጅ አለ፣ ባጃጅ ነጂ። ግራ ጎኑ ሥር የሆነ ነገር እየከበደው፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ሲበላ እየጠገበ፣ ሌሊት አንሶላው በላብ እየራሰ ወራት አለፉ። የሄደበት ጤና ተቋም አንዴ የወባ፣ አንዴ የታይፎይድ፣ አንዴ የጨጓራ መድኃኒት እየሰጠ መለሰው። ሙሉ የደም ቆጠራ የታዘዘለት በጣም ዘግይቶ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ነጭ የደም ሴሉ ከ200 ሺህ በላይ ነበር፤ ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለው ከ4 እስከ 11 ሺህ ገደማ ነው።

ስላይዱን አይቼዋለሁ። ወባ ስንፈልግ ጥገኛውን የምንቆጥረው 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ ድረስ ነው። እዚያ ለመድረስ ስላይዱን እየገፋን ብዙ ቦታ እናያለን፣ ምክንያቱም ነጩ ሴል እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነው ያለው። የዚህ ልጅ ግን ስላይዱን ሳንገፋው፣ በአንድ እይታ ብቻ 200ው ሞላ። ስሱ ቅባት ላይ ሲታይ ደግሞ ያልበሰለው፣ ግማሽ የበሰለው፣ የበሰለው ሁሉ አንድ ላይ ተጋፍቶ፣ በመሃሉ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ የሞላባቸው፣ ቤዞፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ተሰግስገው ነበር። ወንድም እህት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ይቺን ለእናንተ ነው የምጽፋት፤ ወባ የለም ብላችሁ ስላይዱን ከማስቀመጣችሁ በፊት ነጩ ሴል በዝቶ ካያችሁት በውጤት ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ማንም ባይጠይቃችሁም ጻፉት።

ስላይዱ የሚወስደን ግን እዚህ ድረስ ብቻ ነው። ሲኤምኤል ይመስላል ይለናል። ነው ብሎ ለመቁረጥ ካንሰሩን የሚነዳው ጂን ሴሉ ውስጥ መኖሩን ማየት ግድ ነው። ያ ደግሞ ለኛ ሰው አዲስ አበባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፕሮቲኑ ልግባ፤ ይሄን ክፍል አትዝለሉት።

በ1960 ፊላደልፊያ ላይ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በእነዚህ ሕሙማን ሴል ውስጥ ከመጠን በላይ ያጠረች አንዲት ክሮሞሶም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የጎደለው ቁራጭ የት እንደሄደ ደረሰችበት፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ተሰብረው ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በስብራቱ ቦታ ሁለት ጂኖች ተገጣጠሙ፣ ከ22ኛው ቢሲአር፣ ከ9ኛው ኤቢኤል። ሴሉ ሁለቱን እንደ አንድ ያነብና አንድ ረጅም ፕሮቲን ይሠራል። ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባለው ይሄ ነው።

ኤቢኤል ብቻውን ክፉ አይደለም። ካይኔዝ ነው፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየለጠፈ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ኢንዛይም። ጤነኛው ኤቢኤል ራሱን መዝጊያ አለው። በአንደኛው ዓይነቱ ጫፍ ላይ ሚሪስቶይል የምትባል የስብ ጭራ አለች፤ ጭራዋ ታጥፋ እዚያው ፕሮቲኑ ውስጥ ካለ ጉድጓድ ስትገባ ካይኔዙ ሥራ ያቆማል። ቢሲአር ከፊቱ ሲለጠፍበት ያ ጫፍ ይጠፋል፣ መዝጊያው አብሮ ይጠፋል። ይባስ ብሎ የቢሲአር የፊተኛው ክፍል ከመሰሎቹ ጋር የመጠማዘዝ ባሕርይ አለው፤ በ2002 የታተመው ቅርጹ እንዳሳየው አራት ሆነው ይያያዛሉ። እንግዲህ አስቡት፣ መዝጊያ የሌላቸው አራት ካይኔዞች ተጠጋግተው አንዱ ሌላውን ያስነሳል፣ ሌላው ሦስተኛውን። መቅኒ ውስጥ ያለው ሴል ተባዛ የሚል ትእዛዝ ቀን ከሌት ይደርሰዋል። የዚያ ባጃጅ ነጂ 200 ሺህ የመጣው ከዚህ ነው።

መድኃኒቱም የሚሠራው በዚሁ ቅርጽ ላይ ነው። ካይኔዝ ለሥራው ኤቲፒን (ፎስፌቱን የሚያገኝበትን ሞለኪውል) የሚይዝበት ስንጥቅ አለው። ኢማቲኒብ የሚባለው ኪኒን ያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ኤቲፒ ቦታ ያጣል፣ ትእዛዙ ይቆማል። በ2000 የጆን ኩሪያን ቡድን ያሳተመው ቅርጽ ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር አሳየ፤ ኢማቲኒብ የሚይዘው ካይኔዙን ሥራ ባቆመበት አኳኋኑ ላይ ሳለ ነው። ሲሠሩ የሚመሳሰሉት ካይኔዞች ሲያርፉ ይለያያሉ፤ መድኃኒቱ ብዙዎቹን ትቶ ይሄንን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። በ2001 አሜሪካ ፈቀደችው። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚህ ኪኒን በፊት በአብዛኛው ጥቂት ዓመት ብቻ ይኖር የነበረ ሕመምተኛ ዛሬ በቀን 400 ሚሊግራም እየዋጠ፣ ክትትሉን ካላቋረጠ፣ ዕድሜው ከእኩዮቹ ዕድሜ ጋር ይቀራረባል። አገራችንም አልተረሳችም፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ኢማቲኒብ በእርዳታ ፕሮግራም ለሕሙማን በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ለዚህ የደከሙትን ሐኪሞች እግዜር ይስጣቸው ከማለት ሌላ ምን ይባላል!

ክትትል ያልኩት ላይ ግን ቆም እንበል፣ የደብዳቤዬ ጉዳይ እሱ ነውና።

ኪኒኑ ተጀመረ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። በሦስት ወሩ የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን፣ ከኤቢኤል አንጻር ሲለካ፣ ወደ 10 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። በዓመቱ 0.1 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች። እዚያ እስኪደርስና እዚያው እስኪጸና በየሦስት ወሩ ይለካል። ካልወረደ ወይ ሕመምተኛው መድኃኒቱን አቋርጧል፣ ወይ ፕሮቲኑ ተለውጧል። ሁለቱ የሚፈልጉት መላ ለየቅል ነው፣ በዓይን አይለዩም፣ በነጭ ሴል ቆጠራም በጊዜ አይደረስባቸውም። ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ውስጡ እየተበላሸ ሊሆን ይችላል።

ፕሮቲኑ ተለውጧል ስል ምን ማለቴ ነው? በጣም የታወቀውን ልንገራችሁ። ኤቢኤል ውስጥ 315ኛው ቦታ ላይ ትሪዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ቁራጭ) አለ፤ ኢማቲኒብ ስንጥቁ ውስጥ ሲቀመጥ ከሱ ጋር በሃይድሮጂን ቦንድ ይያያዛል። በጂኑ ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር ትሪዮኒኑ ቀርቶ አይሶሉሲን ይተካል። ቦንዱ ይቀራል፣ አይሶሉሲኑም ገፋ ያለ ስለሆነ መድኃኒቱን መግቢያ ይነሳዋል። ኤቲፒ ግን እንደ ድሮው ይገባል። ካንሰሩ ተመለሰ። ለዚህ ለውጥ ሌሎች መድኃኒቶች ተሠርተዋል፤ ግን የትኛው ለማን እንደሚሰጥ የሚታወቀው መጀመሪያ መጠኑ ሲለካና መነሣቱ በጊዜ ሲታወቅ ነው።

አሁን ይሄን ሁሉ ይዛችሁ የኛን ሕመምተኛ አስቡት። ከድሬ ወይም ከሐረር፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲያ ካለ ገጠር፣ በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ። በአውቶቡስ ከሆነ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እዚያ ዘመድ ከሌለው አልጋ መያዝ አለበት። የሚሠራው ባጃጅ የሰው ከሆነ የቀረበት ቀን ገቢ የለውም። እሱ ይቅርና ደሙ ብቻ ይላክ እንዳይባል ደግሞ የሚለካው አርኤንኤ፣ ማለትም ሴሉ ከጂኑ የሚገለብጠው ቅጂ ነው፤ አርኤንኤ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ለጂንኤክስፐርቱ ምርመራ የሚቀዳው ደም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየቀዘቀዘ ተይዞ በ72 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ አቦ። በረዶው ቀልጦ የደረሰ ናሙና የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም።

ስለዚህ ነው ማሽኑ እዚሁ አለ የምለው። ካርትሪጁ ውስጥ ደሙ ታጥቦ፣ አርኤንኤው ወጥቶ፣ የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን ከኤቢኤል አንጻር ተነጻጽሮ ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውጤት ይወጣል። ከመደበኛው የነቀርሳ ሥራ ጋር ሲነጻጸር የሚጨመረው ካርትሪጁ፣ ለምርመራው የሚያስፈልገው የሶፍትዌር ፋይል፣ የናሙና ዝግጅቱና የባለሙያ ሥልጠና ነው። ይሄ ማሽን የሚይዘው ዋናዎቹን የሲኤምኤል ዓይነቶች ነው፣ ሁሉንም የደም ካንሰር አይደለም፤ ስለሱ ማንንም ማሳሳት አልፈልግም። ግን ከዜሮ አንድ ይሻላል፣ ይሄኛው አንድ ደግሞ መድኃኒት ያለው አንድ ነው።

የሚነሳውን መልስ አውቀዋለሁ። ሕመምተኛው ጥቂት ነው፣ ካርትሪጁ ውድ ነው፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ ማሽኑ ለነቀርሳ ነው የተሰጠው። ሁሉም እውነት አለበት። ለነቀርሳው ቅድሚያ ይሰጥ፣ ማንም አይከራከርም። ጥቂትነቱ ግን ለሥራው ያመቻል እንጂ አያደናቅፍም፤ በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ተመድቦ የሁለቱ ከተሞች ሕሙማን በዚያ ቀን ቢቀጠሩ ሌላውን ሥራ አይነካም። ድሬና ሐረር ደግሞ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ መድረስ ነው። አንዱ ከተማ ላይ ያለ ካርትሪጅ ለሌላው ይደርሳል፣ ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ወረቀት ከተስማሙ። ይሄም ለጊዜው ካልሆነ ደሙን በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ መላክ የሚቻልበት መንገድ በሌሎች አገሮች ለሲኤምኤል ተሞክሯል፤ እኛ ደግሞ ከኤችአይቪ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን ደም እንዲህ እያደረቅን ስንልክ ስለኖርን እጃችን ለምዶታል።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ።

ፕሮቲን ዳታ ባንክ የሚባል የዓለም መዝገብ አለ። በ1971 ሲጀመር 7 ቅርጾች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ አሉት። ማንም ሰው፣ ከየትም ሆኖ፣ ሳይከፍልና ሳይመዘገብ ያወርዳል። ኢማቲኒብን የያዘው የኤቢኤል ቅርጽ እዚያ አለ። ፋይሉ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ ያንሳል፣ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቀንም ይወርዳል፣ አንዴ ከወረደ መብራት ቢጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ይታያል። ማሳያ ፕሮግራሙም ለትምህርት ነጻ ነው።

አንዲት የሕይወት ሳይንስ ተማሪ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ያለ ካፌ ቁጭ ብለን አሳየኋት። ስለ ሲኤምኤል ተምራለች፣ ለፈተና 9 እና 22 ብላ በቃሏ ይዛለች፣ ፕሮቲኑን ግን አይታው አታውቅም። አተሞቹን ደብቀን የሰንሰለቱን መስመር ብቻ ስናስቀር ኤቢኤል ሁለት ጉብታ ሆኖ ታየ፣ በመካከላቸው ስንጥቅ፣ ስንጥቁ ውስጥ ረዘም ብሎ የተጋደመው ኢማቲኒብ። 315ኛውን ትሪዮኒን በሌላ ቀለም አደረግንላት። አዞረችው፣ እንደገና አዞረችው፣ ከዚያ ከታችኛው ጉብታ ግርጌ ያለ ሌላ ጉድጓድ ላይ ጣቷን አደረገችና «ጋሼ፣ እዚህስ ሌላ መድኃኒት አይገባም?» አለችኝ። ያ ጉድጓድ የስብ ጭራዋ የምትገባበት ነው። በ2021 አሜሪካ ላይ የተፈቀደው አስሲሚኒብ የሚገባውም እዚያው ነው፤ የጠፋችውን ጭራ ቦታ ይዞ ካይኔዙን ይዘጋዋል፣ በ315 ላይ ያለው ለውጥ ካለበት ስንጥቅ ርቆ ስለሚቀመጥም ከፍ ባለ መጠን ሲሰጥ ያንን ለውጥ ያለበትን ካንሰር ያክማል። የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታት የፈጀባቸውን ጥያቄ ይቺ ልጅ የጠየቀችው ፕሮቲኑን ስላየችው ነው። መምህራን ሆይ፣ ልጆቹ ይሄን አቅም ይዘው ነው እናንተ ጋ የሚመጡት።

ስለ ሲኤምኤል ብቻ አይደለም። ኤፒኤል የሚባለው አጣዳፊ ሉኪሚያ በደም መፍሰስ በቀናት ውስጥ የሚገድል ነበር። ዛሬ ከቫይታሚን ኤ የሚወጣ አትራ የሚባል መድኃኒትና አርሴኒክ፣ አዎ መርዙ አርሴኒክ፣ አንድ ላይ ተሰጥተው በጊዜ የተደረሰባቸውን አብዛኞቹን ሕሙማን ያድናሉ። በዚህም ካንሰር እንደ ሲኤምኤል ሁለት ጂኖች ተገጣጥመው አንድ ጥምር ፕሮቲን ይሠራሉ፤ አርሴኒኩ የሚሠራው በዚያ ጥምር ፕሮቲን ላይ ያለውን ፒኤምኤል የሚባለውን ክፍል በቀጥታ ይዞ ለመፍረስ ስለሚዳርገው ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሕፃናቱ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ሲይዛቸው፣ ከ10ሩ በ7ቱ ወይም በ8ቱ ላይ ኤምኤልኤል የሚባለው ጂን ተሰብሮ ከሌላ ጂን ጋር ተገጣጥሞ ይገኛል። ኤምኤልኤል ግዙፍ ነው፣ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ አሚኖ አሲድ አለው። ሥራው ደም ገና ሲጀመር የሚያስፈልጉ ጂኖች ክፍት ሆነው እንዲነበቡ መጠበቅ ነው። ሲሰበር የፊተኛው ክፍሉ ይቀርና ከኋላው ባዕድ ይለጠፍበታል፤ ኤኤፍ4፣ ኤኤፍ9፣ ኢኤንኤል፣ ዝርዝሩ ከ80 ያልፋል። ብዙዎቹ ባዕዳን ጂን ያለ ማቋረጥ እንዲነበብ የሚያደርጉ የፕሮቲን ቡድኖችን ጠርተው ያመጣሉ። መዘጋት የነበረበት ጂን ሳይዘጋ ይቀራል። ሴሉ ሳይበስል ይባዛል።

ለ80ዎቹም መድኃኒት ልሥራ የሚል ሰው መጨረሻው አይታይም። ተመራማሪዎቹ ያዩት ሁሉም ላይ ያለውን ያንን የፊተኛ ክፍል ነው። ያ ክፍል ብቻውን አይቆምም፣ ሜኒን የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። በ2012 የሰው ሜኒን ከኤምኤልኤል ቁራጭ ጋር ተያይዞ ቅርጹ ታተመ። ሜኒን የታጠፈ የግራ እጅ ይመስላል፤ አውራ ጣት አለው፣ መዳፍ አለው፣ ጣቶች አሉት። በአውራ ጣቱና በመዳፉ መካከል ጥልቅ ጉድጓድ አለ፣ ከኤምኤልኤል ጫፍ የምትወጣ ጥቂት አሚኖ አሲድ ያላት ቁራጭ እዚያ ገብታ ትያዛለች። ሁለቱ ሲያያዙ በጋራ የሚሠሩት ገጽ ላይ ደግሞ ኤልኢዲጂኤፍ የሚባል ሦስተኛ ፕሮቲን መጥቶ ይቀመጣል፤ እሱ ነው ጥምረቱን ከክሮሞሶሙ ጋር የሚያስረው። አስገራሚው፣ ያው ጉድጓድ ጁን-ዲ የሚባል ሌላ ፕሮቲንንም በተመሳሳይ አያያዝ ይይዛል፣ የሚያስከትለው ውጤት ግን ተቃራኒ ነው። አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት እንግዳ፣ ሁለት ዕጣ።

መድኃኒቱ ያቺን ቁራጭ ቀድሞ ጉድጓዱን የሚሞላ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ኤምኤልኤል መያዣ ያጣል፣ ተሰብስቦ የነበረው ይበተናል፣ ሴሉም እንደገና መብሰል ይጀምራል። ሬቩመኒብ የሚባለው በኖቬምበር 2024 አሜሪካ ላይ ተፈቀደ፣ ካንሰሩ ለተመለሰባቸው ወይም በሌላ ሕክምና አልመለስ ላላቸው፣ ዕድሜያቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው። ካንሰሩ ግን አልተኛም። በ2023 እንደታተመው፣ በአንዳንድ ሕሙማን የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያለ አሚኖ አሲድ ተለውጦ መድኃኒቱን ይገፋል፣ ኤምኤልኤልን ግን መያዙን አይተውም። ከኢማቲኒብና ከ315 ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል እዩ። ጉድጓዱ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ይሄን እንዴት ይረዳዋል?

ሬቩመኒብ ነገ ድሬ ፋርማሲ ይገባል እያልኩ አይደለም። ዋጋውም መንገዱም ሩቅ ነው። ኢማቲኒብም ግን በ2001 ለኛ ሩቅ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ ለማን እንደሚሰጥ የሚለይ ሰው ከሌለን መምጣቱ ብቻውን አይበቃም፤ ያ ሰው ደግሞ በአንድ ሴሚስተር አይፈጠርም። ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ያለችው ተማሪ ናት የዚያን ጊዜዋ ባለሙያ።

ኮምፒውተሩም ረድቶናል። አልፋፎልድ የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዱ ቅደም ተከተል ይተነብያል፤ ለዚህ ሥራ ዴሚስ ሀሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ለነደፈው ዴቪድ ቤከር ግማሹ ተሰጥቶ፣ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋርተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ አልፋፎልድ ፕሮቲኖች ተያይዘው የሚሠሩትን ቅርጽም ይተነብያል። ትንበያ ነው፣ በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት፤ ይሄንንም መለየት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ቅርጽ በሙከራ ለማግኘት የሚያስፈልጉት ማሽኖች እኛ አቅም ላይ አይደሉም። የተገኘውን ቅርጽ አይቶ ለመረዳት ግን አሁን ባለን የኮምፒውተር ክፍል ይበቃል።

ስለዚህ የጤና ቢሮዎቻችን፣ ከሁለቱም ከተሞች አንድ አንድ ሰው መድባችሁ፣ ከሆስፒታሎቹ ጋር ተቀምጣችሁ፣ ካርትሪጁ በምን በኩል እንደሚመጣና ምርመራው በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ወስኑልን። ከአዲስ አበባዎቹ የደም ካንሰር ሐኪሞች ጋር ተነጋግራችሁ እዚህ የተለካው ቁጥር እዚያ ተቀባይነት እንዲኖረው አድርጉ፤ አለዚያ ሕመምተኛው ሁለቴ ይለካና ድካሙ ባለበት ይቀራል። መምህራን፣ የካንሰር ምዕራፍ ስትደርሱ አንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ስጡት። ሥርዓተ ትምህርት እስኪቀየር አትጠብቁ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ የሚከለክል የለም።

የከተማችን ሰዎች፣ ትኩሳቱ ወባም ደንጊም አይደለም ተብሎ ሳምንታት ከቆየ፣ ወይም ግራ ጎን ሥር ከከበደ፣ ወይም ልጁ እየገረጣ ቆዳው ላይ ያለ ምክንያት እየበለዘ ከሆነ ሙሉ የደም ቆጠራ ይታዘዝልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ውድ ምርመራ አይደለም፣ መጠየቅም ነውር የለውም።

ለትምህርቱ በበኩሌ ዝግጁ ነኝ። ድሬ ይሁን ሐረር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፕሮጀክተር ያለው አንድ ክፍል የሚከፍትልኝ ትምህርት ክፍል ካለ የኤቢኤልንም የሜኒንንም ፋይል በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ